የተበላሸ የሮቦቲክስ ኪት ገመድ፦ ጫፉን መቀየር፣ መቀጠል ወይስ መተካት?

የተማሪዎች ሮቦት ድንገት ሲቆም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፕሮግራሙ ነው፤ ቀጥሎ ባትሪው፣ ከዚያ ሞተሩ። ገመዱ የሚታሰበው ሁሉም ተሞክሮ ሲያበቃ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ምንም የሆነ አይመስልምና። በኪቱ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ግን በየክፍለ ጊዜው የሚሰካው፣ የሚነቀለው፣ የሚታጠፈውና የሚጎተተው እሱ ነው።

የተበላሸ ገመድ ሲገኝ ያሉት መንገዶች አራት ናቸው፦ ጫፉን ቆርጦ አዲስ ኮኔክተር (የሚሰካውን ጫፍ) መግጠም፣ የተበጠሰበትን ቦታ አውጥቶ መቀጠል፣ ከሁለት ብልሽት ገመዶች አንድ ደህና ማውጣት፣ ወይም በአዲስ መተካት። የቱ እንደሚያዋጣ ለማወቅ ሽቦው የት ጋ እንደተበጠሰና ምን እንደሚሸከም መለየት ይቀድማል። የሞተር ከረንት የሚያልፍበት፣ የሴንሰር ሲግናል የሚያልፍበትና የኮምፒውተር ዳታ የሚያልፍበት ሽቦ አንድ ዓይነት ጥገና አይበቃቸውም። ደግሞም በዚህ ሥራ የሚያስቸግረው ሽቦው አይደለም፤ ጫፉ ላይ ያለው ኮኔክተር ነው። ሽቦ የትም ይገኛል፤ ትክክለኛው ኮኔክተር ግን ለብዙ ኪቶች እንደልብ አይገኝም። ምርጫው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው።

መቁረጫ ከማንሳታችሁ በፊት

ገመድ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ከኮኔክተሩ 2 ሳንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ላይ ነው። ኮኔክተሩ ግትር፣ ገመዱ ተጣጣፊ ስለሆነ መታጠፉ ሁሉ ሁለቱ የሚገናኙበት ነጥብ ላይ ይከማቻል፤ ተማሪው ኮኔክተሩን ትቶ ገመዱን ይዞ ሲነቅል ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አንድ በአንድ ይበጠሳሉ፤ ላስቲኩ ግን እንደነበረ ይቆያል። ገመዱ አንዴ ሠርቶ አንዴ እምቢ የሚለው የተበጠሱት ክሮች እንደ አቀማመጡ እየነኩና እየለቀቁ ስለሚሄዱ ነው።

መልቲሜትሩን በድምፅ መፈተሻው ላይ አድርጎ መለካት ፈጣን ነው፤ ለሞተር ገመድ ግን አይበቃም። ብዙ መልቲሜትሮች 30 ወይም 50 ኦም ሬዚስታንስ እያለም ይጮኻሉ። ስለዚህ ኮንታክቱ በደንብ ያልያዘ ገመድ ድምፁን ያሰማል፣ ሞተሩን ግን በሙሉ ኃይል አያዞርም። መልቲሜትሩን 200 ኦም ላይ አድርጉት። መጀመሪያ ሁለቱን የመለኪያ ጫፎች አገናኙና የሚታየውን ቁጥር ጻፉ፤ ብዙውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.5 ኦም ይሆናል። ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለክታችሁ ያንን ቁጥር ቀንሱለት። ለማመሳከሪያ ያህል፣ 28 ኤደብሊውጂ (የሽቦ ውፍረት መለያ ቁጥር) የሆነ ሽቦ በሜትር 0.21 ኦም ገደማ አለው፤ 26ቱ 0.13፣ 24ቱ 0.084፣ 22ቱ 0.053። የኤደብሊውጂ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ሽቦው ይወፍራል።

ደህና የሆነ የ50 ሳንቲ ሜትር ገመድ ከነኮንታክቱ ከ0.3 ኦም በታች ያሳያል። የሞተር ሽቦ ሆኖ ከ0.5 ኦም ካለፈ ይጠገን። 1 ኦም ትንሽ ቁጥር ይመስላል፤ ነገር ግን ሞተሩ ሲከብደውና 1 አምፒር ሲስብ 1 ቮልት ገመዱ ላይ ይቀራል፤ ኮንታክቱም ይሞቃል። የሴንሰር ሲግናል ብቻ የሚያልፍበት ሽቦ ላይ ያው 1 ኦም ምንም ላያመጣ ይችላል። አንዱን ሽቦ የምንጥልበት፣ ሌላውን የምናሳልፍበት ምክንያት ይኸው ነው።

የሚቆራረጥ ገመድ ለማግኘት ደግሞ ከመልቲሜትር ይልቅ የኤልኢዲ መብራት ይሻላል። 3 ቮልት የባትሪ መያዣ፣ 100 ኦም ሬዚስተርና አንድ ቀይ ኤልኢዲ ከሚፈተሸው ሽቦ ጋር በተከታታይ አገናኙ፤ 10 ሚሊ አምፒር ገደማ ያልፋል። ከዚያ ገመዱን ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያጠፋችሁ ሂዱ። መብራቱ ብልጭ ካለ ቦታው እዚያ ነው፤ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። የመልቲሜትር ስክሪን ቁጥሩን የሚቀይረው በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ስለሆነ አጭር መቆራረጥ ያመልጠዋል፤ ዓይን ግን ብልጭታውን ያያል።

በሌጎ ኢቪ3 እና ኤንኤክስቲ ኪቶች የሞተር ገመድ ላይ የትኛው ሽቦ እንደተበጠሰ ሮቦቱ ራሱ ይናገራል። ነጩና ጥቁሩ ሞተሩን የሚያዞሩት ናቸው፤ ቀዩ ግራውንድ (የከረንት መመለሻ)፣ አረንጓዴው ለሞተሩ የውስጥ ሴንሰር ኃይል የሚሰጥ፣ ቢጫውና ሰማያዊው ደግሞ ዙሩን የሚቆጥሩት ናቸው። ሞተሩ ጭራሽ ካልዞረ ነጩን ወይም ጥቁሩን ፈትሹ። ሞተሩ እየዞረ «360 ዲግሪ ዙር» የሚለው ትእዛዝ ካላለቀ ግን ጥፋቱ ከቀሩት አራት ሽቦዎች አንዱ ላይ ነው፤ ኮንትሮለሩ (የሮቦቱ አንጎል የሆነው ቦርድ) መዞሩን የሚነግረው ስለሌለ ይጠብቃል። ተማሪዎች ይህን ሲያዩ ፕሮግራሙን ደጋግመው ይጽፋሉ። ገመዱን ከሚሠራ ሞተር ጋር አለዋውጦ መሞከር ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ገመዱ ሳይበጠስ የተበጠሰ የሚመስልበት

ዱፖንት በሚባሉት ባለ2.54 ሚሊ ሜትር ኮኔክተሮች ላይ ሽቦው ደህና ሆኖ የሴቴው ኮንታክት ሊላላ ይችላል። ምልክቱ ኮኔክተሩ ፒኑ ላይ ያለ ምንም ግፊት መግባቱና በራሱ ክብደት መውረዱ ነው። የፕላስቲኩን ትንሽ ምላስ በመርፌ ከፍ አድርጋችሁ ሽቦውን ወደ ኋላ ሳቡት፤ ኮንታክቱ ይወጣል። ውስጡ ያለችውን የብረት ቅጠል በመርፌ ጫፍ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ጫን አድርጋችሁ መልሱት። የፕላስቲኩ ምላስ ከተሰበረ ግን ባዶውን የፕላስቲክ ቤት መቀየር ብቻ ይበቃል፤ ሽቦውን መቁረጥ አያስፈልግም።

በአርጄ ዓይነት (የስልክ ገመድ ጫፍ በሚመስሉ) ኮኔክተሮች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው መቆለፊያ ምላሱ ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩ ደህና ስለሆነ ገመዱ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፤ ሮቦቱ ሲንቀሳቀስ ይወልቃል። እንዲህ ያለውን ገመድ አትቁረጡት። ከማይንቀሳቀስ ሴንሰር ጋር አገናኙት፤ ገመዱንም ከመሰኪያው 3 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ከሮቦቱ አካል ጋር እሰሩት። ማስተካከያው ይህን ያህል ቀላል ሲሆን ጥሩ ኮኔክተር ማባከን አይገባም።

አማራጭ አንድ፦ ጫፉን ቆርጦ አዲስ ኮኔክተር መግጠም

ብልሽቱ ጫፉ አጠገብ ከሆነ፣ ትክክለኛው ኮኔክተርና ክሪምፐሩም (ኮኔክተሩን ጨምቆ ከሽቦው ጋር የሚያያይዘው መሣሪያ) ካለ፣ ከዚህ የተሻለ ጥገና የለም። በገመዱ መሐል ምንም መጋጠሚያ አይኖርም፤ የሚቀነሰው ርዝመት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን «ትክክለኛው ኮኔክተር» የሚለው ላይ ኪቶቹ ይለያያሉ።

ኤምቦትን በመሰሉ ኪቶች ላይ ያለው ባለ6 ሽቦ ኮኔክተር ምላሱ መሐል ላይ ነው፤ ስለዚህ ተራው ባለ6 ቦታና ባለ6 ኮንታክት የአርጄ12 ኮኔክተርና ተራ ክሪምፐር ይሆኑታል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የስልክ ገመዶች ጫፋቸው ተመሳሳይ መጠን ኖሮት በውስጡ ግን ብዙ ጊዜ 2 ወይም 4 ሽቦ ብቻ ነው ያላቸው። ይገባል፣ ጠቅ ብሎም ይቆለፋል፤ ዳር ላይ ያሉት ሁለት ፒኖች ግን ባዶ ናቸው። ከመግጠማችሁ በፊት በፊት ለፊቱ ያሉትን ወርቃማ ኮንታክቶች ቁጠሩ።

የቬክስ ቪ5 ገመድ ባለ4 ሽቦ ነው። አምራቹ ራሱ ጥቅል ገመድ፣ ኮኔክተርና ክሪምፐር ለብቻው ስለሚያቀርብ ቡድኖች በሚፈልጉት ርዝመት ይሠሩታል። ለዚህ ኪት ጫፍ መቀየር የመጀመሪያው ምርጫ መሆን አለበት። የስልክ እጀታ ጥምዝምዝ ገመድ ጫፉ ስለሚመሳሰል ብቻ በምትኩ አይግባ፤ የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የተገለበጠ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ መስመር ላይ ደግሞ የሞተር ኃይል ነው የሚያልፈው።

ኢቪ3 እና ኤንኤክስቲ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ኮኔክተራቸው አርጄ12ን ይመስላል፣ መቆለፊያ ምላሱ ግን ከመሐል ወደ ጎን የተገፋ ነው። ተራው ኮኔክተር አይገባም፤ ተራው ክሪምፐርም የጎን ምላሱን ስለማያስተናግድ ይሰብረዋል። ሦስት መውጫዎች አሉ። አንደኛው የጎን ምላስ ያላቸውን ኮኔክተሮችና ለእነሱ የተሠራውን ክሪምፐር መግዛት ነው፤ ብዙ ኪት ላለው ክፍል ያዋጣል። ሁለተኛው የተራ ክሪምፐርን አፍ በሞረድ ቦርቡሮ ለጎን ምላሱ መተላለፊያ ማበጀት ነው፤ ይሠራል፣ ብረቱ ግን ጠንካራ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከልክ በላይ የተሞረደ አፍም ኮንታክቶቹን እኩል አይጫንም። ሦስተኛው የተራ ኮኔክተርን ምላስ ቆርጦ በግጭት ብቻ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ይህን ለጠረጴዛ ሙከራ እንጂ ለሚንቀሳቀስ ሮቦት አንመክርም፤ በመጀመሪያው ንዝረት ይወልቃል። ክሪምፐሩ ከሌላችሁ በቀጥታ ከታች ወዳሉት የመቀጠል አማራጮች እለፉ፤ ለኢቪ3 የሚሻሉት እነሱ ናቸው።

አርጄ ዓይነቱን ስትገጥሙ አካሄዱ ይህ ነው፦

1. ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን፣ ምላሳቸው ወደ ታች ሆኖ ያዟቸውና የቀለሞቹን ቅደም ተከተል ጻፉ ወይም ፎቶ አንሱ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆነ ቀጥተኛ ነው፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ከሆነ የተገለበጠ ነው። አሮጌው ኮኔክተር ተቆርጦ ከተጣለ በኋላ ይህን ማወቅ አይቻልም።
2. ገመዱን ከኮኔክተሩ 20 ሚሊ ሜትር ራቅ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ጠባብ ቆርጦ የተበጠሰውን ክር እዚያው መተው የተለመደ ስሕተት ነው።
3. የውጭውን ልባስ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ላጡ። የእያንዳንዱን ሽቦ ላስቲክ አትላጡ፤ የኮኔክተሩ ስለት ላስቲኩን ወግቶ ነው መዳቡን የሚያገኘው። መላጫው ውስጡን ሽቦ ከነካው እንደገና ቁረጡ።
4. ሽቦዎቹ በግልጹ ፕላስቲክ ውስጥ እስከ መጨረሻው ግድግዳ ሲደርሱ እዩ። የውጭው ልባስም ከኋላ ባለው መጫኛ ሥር መግባት አለበት፤ ገመዱ ሲጎተት ኃይሉን የሚይዘው እሱ ነው።
5. ክሪምፐሩን እስከ መጨረሻው ጨምቁ፣ ልቀቁ፣ ደግማችሁ ጨምቁ።

ከመሰካታችሁ በፊት ኮኔክተሩን በዓይናችሁ ትይዩ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ኮንታክቶቹ ሁሉ እኩል ወርደው ከፕላስቲኩ ክፍልፋዮች በታች መሆን አለባቸው። አንዱ እንኳ ከፍ ብሎ ከቀረ በኮንትሮለሩ መሰኪያ ውስጥ ያለውን የስፕሪንግ ፒን ያጣምመዋል፤ ከዚያ በኋላ ደህና ገመድም እዚያ ፖርት ላይ አይሠራም። ገመድ ለማዳን ኮንትሮለር መጉዳት ማለት ይህ ነው።

ትናንሾቹ የክሪምፕ ኮንታክቶች ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ዱፖንትን፣ ባለ2.5 ሚሊ ሜትር ጄኤስቲ ኤክስኤችንና ባለ2 ሚሊ ሜትር ጄኤስቲ ፒኤችን በእጅ መሥራት ይቻላል። ሽቦው ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይላጥ። የኮንታክቱ ሁለት ጥንድ ክንፎች ሥራቸው የተለያየ ነው፤ የፊተኞቹ የተላጠውን መዳብ፣ የኋለኞቹ ላስቲኩን ይይዛሉ። ላስቲኩ የፊተኞቹ ክንፎች ሥር ከገባ ሽቦው በጥንካሬ የተያዘ ይመስላል፣ ከረንት ግን አያልፍም። ኤክስኤች ከ22 እስከ 28፣ ፒኤች ከ24 እስከ 30 ኤደብሊውጂ ሽቦ ይቀበላሉ፤ ከዚያ የወፈረ ሽቦ በቤቱ ውስጥ አይገባም፣ የቀጠነው ደግሞ ይንሸራተታል። ክንፎቹን በፒንሳ መጭመቅ ለአንድ ቀን ይሆን ይሆናል፤ ክንፎቹ ወደ ውስጥ ተጠቅልለው መዳቡን የሚነክሱት ግን በትክክለኛው ክሪምፐር አፍ ብቻ ነው። ክንፎቹን ከመጭመቅ በፊት ሽቦውን ሶልደር ማጥለቅም አይገባም፤ ሶልደር ለስላሳ ብረት ስለሆነ በጫና ሥር ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ክሪምፑም ይላላል።

ኪዊክ በሚባለው የሴንሰር ማገናኛ ሥርዓት ላይ ያለው ባለ1 ሚሊ ሜትር ጄኤስቲ ኤስኤች ግን በክፍል ውስጥ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ኮንታክቱ ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ጫፉ ተሠርቶ የመጣ ገመድ ገዝቶ መሐሉ ላይ መቀጠል ጊዜንም ዓይንንም ያድናል። ስትቀጥሉ ጥቁሩ ግራውንድ፣ ቀዩ 3.3 ቮልት፣ ሰማያዊው ኤስዲኤ (ዳታ)፣ ቢጫው ኤስሲኤል (የጊዜ ምት) መሆኑን አትርሱ። ግሮቭ በሚባለው ሌላ ሥርዓት ላይ ደግሞ ቢጫና ነጭ ሲግናል፣ ቀይ ኃይል፣ ጥቁር ግራውንድ ነው፤ የግሮቭ ቀይ እንደ ቦርዱ 5 ቮልትም 3.3 ቮልትም ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን ሥርዓቶች ከመቀጠላችሁ በፊት ለኩ።

አማራጭ ሁለት፦ መሐሉን አውጥቶ መቀጠል

ኮኔክተሩ የማይገኝ ከሆነ ወይም ገመዱ መሐል ላይ ከተቆረጠ መቀጠል ነው መፍትሔው። እንደ ስፓይክ ፕራይም ያሉ ኪቶች ገመዱ ከሞተሩ ጋር አብሮ የተሠራ፣ ኮኔክተሩም የራሳቸው ብቻ ስለሆነ ሌላ ምርጫ አይሰጡም፤ ወይ ትቀጥላላችሁ፣ ወይ ሞተሩን ትቀይራላችሁ።

ባለ6 ሽቦ ገመድ ሲቀጠል ትልቁ ጥፋት ስድስቱንም መጋጠሚያዎች አንድ ቦታ ላይ ማድረግ ነው። እብጠት ይሠራል፤ አንዲት የወጣች ክር ጎረቤቷን ነክታ ሾርት ታደርጋለች (ከረንቱ በማይገባው መንገድ ያልፋል)። መጋጠሚያዎቹን በደረጃ አድርጓቸው። በአንደኛው ግማሽ ላይ የውጭውን ልባስ 55 ሚሊ ሜትር ያህል ግፈፉና ሽቦዎቹን እንዲህ ቁረጡ፦ ነጭ 52፣ ጥቁር 44፣ ቀይ 36፣ አረንጓዴ 28፣ ቢጫ 20፣ ሰማያዊ 12 ሚሊ ሜትር። በሌላው ግማሽ ላይ ተቃራኒውን፣ ነጭ 12፣ ጥቁር 20፣ ቀይ 28፣ አረንጓዴ 36፣ ቢጫ 44፣ ሰማያዊ 52። የእያንዳንዱ ቀለም ድምር 64 ስለሚሆን ሲገጣጠሙ ሁሉም እኩል ይወጠራሉ፤ መጋጠሚያዎቹም በ8 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ።

የእያንዳንዱን ሽቦ ጫፍ 7 ሚሊ ሜትር ላጡ። ከማገናኘታችሁ በፊት ሰፊውን ሂት ሽሪንክ (ሲሞቅ የሚኮማተር) ቱቦ፣ 8 ሚሊ ሜትር ስፋትና 85 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለውን፣ በአንዱ ግማሽ ላይ አስገቡ። ባለ1.5 ሚሊ ሜትር ስፋትና 15 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸውን ስድስት ትናንሽ ቱቦዎች ደግሞ በየሽቦው ረጅሙ ወገን ላይ አጥልቁ። ሶልደር ካደረጉ በኋላ ቱቦ መርሳትን ማወቅ እጅግ ያበሳጫል፤ ቱቦዎቹን ሳትቆጥሩ አትጀምሩ።

ባለ0.7 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር ሮዚን ያለበት ሶልደር ተጠቀሙ። ሊድ ያለበት 63/37 ሶልደር በ183 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ የሶልደር ማሞቂያ አይረኑን ከ330 እስከ 350 ላይ አድርጉ። ሊድ የሌለበት ወደ 217 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ 370 ገደማ ይፈልጋል። ለቧንቧ ሥራ የሚሆነው አሲድ ያለበት ፍላክስ (ሶልደር እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) መዳቡን ቀስ በቀስ ስለሚበላው በገመድ ላይ ቦታ የለውም። መጋጠሚያውን ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ብቻ አሙቁ፤ ከዚያ ካለፈ የፒቪሲው ላስቲክ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሶልደሩም በክሮቹ መካከል ወደ ላይ ይሳባል። ሶልደር የጠጣ ሽቦ እንደ ሚስማር ይገትራል፤ ቀጥሎ የሚበጠሰውም ግትሩ ከተጣጣፊው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነው። ሰፊው ቱቦ በሁለቱም ወገን በደህናው ልባስ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ያህል የሚያልፈው ይህን ጠርዝ ከመታጠፍ ለመጠበቅ ነው። በውስጡ ሙጫ ያለው ቱቦ ከተገኘ ይመረጥ።

የሙቀት ሶልደር ቱቦዎችም አሉ፤ መሐላቸው ላይ የሶልደር ቀለበት ያለባቸው፣ በሙቅ አየር ብቻ የሚሠሩ። አይረን ለማይያዝባቸው ልጆች ይመቻሉ። ነጩ ቱቦ ለ24 እና 26 ኤደብሊውጂ ነው፤ 28 ሽቦ ሰፍቶት ሊሾልክ ይችላል። ቀለበቱ በአብዛኛው በ138 ዲግሪ የሚቀልጥ ቢዝሙዝ ያለበት ቅይጥ ስለሆነ ከተራ ሶልደር ይልቅ ይሰባበራል። ለማይንቀሳቀስ ሴንሰር እንጂ ለሚታጠፍ የሮቦት ክንድ አይሁን። ናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ መተው ደግሞ ጥገና አይባልም፤ ሙጫው በሙቀት ይላላል፣ ሽቦው ይንሸራተታል። በውድድር መሐል ካልሆነ በቀር አይሞከር፤ ከውድድሩ በኋላም ተፈትቶ በደንብ ይሠራ።

የመጋጠሚያው ቦታ ራሱ ይመረጣል። ከኮኔክተሩ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ሮቦቱ ላይ ሲታሰርም ቀጥ ባለ ክፍል ላይ ይዋል። ኃይል የሚያልፍበትን ገመድ ስታስረዝሙ ከነበረው ሽቦ የቀጠነ አታስገቡ። አይ2ሲ የሚባለውን የዳታ መስመር የሚጠቀሙ ሴንሰሮችን ገመድ ስታስረዝሙ ደግሞ የሚያስቸግረው መጋጠሚያው ሳይሆን ርዝመቱ ነው። በመስመሩ ላይ የተፈቀደው ጠቅላላ ካፓሲታንስ (ሽቦዎቹ ቻርጅ የሚይዙበት መጠን) 400 ፒኮ ፋራድ ነው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ገመድ ከዚያ ይቆርሳል። በ20 ሳንቲ ሜትር የሚሠራ ሴንሰር በሜትር ተኩል ላይ የተሳሳተ ንባብ ቢሰጥ ጥገናውን ከመውቀስ በፊት ገመዱን አሳጥሩ።

አማራጭ ሦስት፦ ከሁለት አንድ

የጎን ምላስ ላላቸው ኮኔክተሮች ይህ ከሁሉም ይመረጣል። ሌጎ የማይንድስቶርምስን መስመር በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ስላቆመ ኦሪጅናል የኢቪ3 ገመድ እንደ ድሮው አይገኝም፤ አንዱ ጫፉ የተበላሸ ገመድ ግን ሌላኛው ጫፉ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። የሁለት እንዲህ ያሉ ገመዶች ደህና ጫፍ ያላቸው ግማሾች ሲቀጠሉ በፋብሪካ የተሠሩ ሁለት ኮኔክተሮች ያሉት አንድ ገመድ ይወጣል። የኢቪ3 እና የኤንኤክስቲ ኮኔክተር አንድ ስለሆነ ከሁለቱ ኪቶች ቀላቅሎ መጠቀም ይቻላል።

ቀለምን ብቻ ግን አትመኑ። በሌሎች አምራቾች የተሠሩ ተመሳሳይ ገመዶች የቀለም ቅደም ተከተላቸውን ሊቀይሩ ይችላሉ። ከፒን ወደ ፒን በመልቲሜትር ለዩና በቁጥር አገናኙ፤ ፒን 1 ከፒን 1፣ ፒን 2 ከፒን 2። የኤንኤክስቲ አልትራሳውንድ ሴንሰር በፒን 1 በኩል የባትሪውን ቮልቴጅ፣ 9 ቮልት ገደማ፣ ይቀበላል፤ ያ መስመር በስሕተት ከዳታ መስመር ጋር ቢገናኝ ሴንሰሩ ይቃጠላል።

አማራጭ አራት፦ መተካት

ዩኤስቢ ገመድ ይተካ እንጂ አይጠገን። በየትም የሚገኝ ዕቃ ነው፤ የዳታ ሽቦዎቹ፣ ነጭና አረንጓዴ፣ አብረው የተጠማዘዙት በምክንያት ስለሆነ መጋጠሚያው ያንን ጥምዘዛ ይፈታዋል። በ12 ሜጋ ቢት የሚሠሩ ትናንሽ ቦርዶች ሊታገሡት ይችላሉ፤ በ480 የሚሠራው ግን ይቆራረጣል፣ ፕሮግራም ሲጫንም መሐል ላይ ይቆማል። ከመጣላችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ፦ የቦርዱ መብራት በርቶ ኮምፒውተሩ ቦርዱን ካላየው ገመዱ የቻርጅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ነጭና አረንጓዴ ሽቦ ከመጀመሪያውም የለውም፤ ብልሽት አይደለም።

ከግድግዳ ኤሌክትሪክ ጋር የሚገናኝ የቻርጀር ገመድ በተማሪ ክፍል ውስጥ አይቀጠልም። የባትሪ ገመድም ላስቲኩ ከባትሪው አካል አጠገብ ከተላጠ ባትሪው ራሱ ይወገድ። ራቅ ብሎ ከተበጠሰና መጠገን ካለበት አንዱን ሽቦ ቆርጣችሁ፣ ቀጥላችሁ፣ ሸፍናችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ ወደ ሁለተኛው እለፉ። ሁለቱን በአንድ ቁርጥ መቁረጥ ባትሪውን በመቁረጫው ብረት ሾርት ማድረግ ነው። የባትሪ ጄኤስቲ ኮኔክተሮችም ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ በየአምራቹ ስለሚለያይ ተመሳሳይ መስሎ የገባ ኮኔክተር ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል።

የሰርቮ (በታዘዘው አንግል ላይ የሚቆም ትንሽ ሞተር) ገመድ በዚህ በኩል የዋህ ነው። ቀዩ የኃይል ሽቦ መሐል ላይ ስለሆነ ኮኔክተሩ ተገልብጦ ቢሰካ ብዙውን ጊዜ ሰርቮው አይንቀሳቀስም እንጂ አይጎዳም። ቡናማ ወይም ጥቁር ግራውንድ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ ወይም ነጭ ሲግናል ነው። ጫፉን መቀየርም መቀጠልም እኩል ይሆኑለታል፤ ተማሪዎች ጥገና የሚለማመዱበት የመጀመሪያው ገመድ እሱ ይሁን።

ከኮንትሮለሩ ጋር ከማገናኘት በፊት

የተጠገነ ገመድ መጀመሪያ የሚፈተሸው ሳይሰካ ነው። የእያንዳንዱን ሽቦ ሬዚስታንስ ለኩ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሽቦ ከሌሎቹ ጋር እንደማይነካካ አረጋግጡ፤ ባለ6 ሽቦ ገመድ 15 ጥንዶች አሉት፣ ባለ4ቱ 6። ጎረቤቶቹን ብቻ ፈትሾ መተው አይበቃም፤ በደረጃ የተቀጠለ ገመድ ውስጥ ሲጠቀለል ሩቅ የነበሩት ይቀራረባሉና። በአርጄ ኮኔክተር ውስጥ ያሉትን ጠባብ ኮንታክቶች ለመንካት መስፊያ መርፌ በመለኪያው ጫፍ ላይ እሰሩ። ይህን ሁሉ ገመዱ እየታጠፈ ድገሙት፤ ቀስ ብላችሁም ሳቡት።

ከዚያ ወደ ሥራ ሲገባ መጀመሪያ ቀላል ሴንሰር ላይ ይዋል፣ ሞተር ላይ ቀጥሎ። ሞተር ላይ ሲገባ ሮቦቱን በእጅ ይዛችሁ ጎማው ሲከብደው መጋጠሚያውን በጣት ዳስሱት። ከሞቀ አንዱ ሶልደር አልያዘም።

ለ10 ኪቶች የሚበቃ የጥገና ሣጥን ብዙ ቦታ አይፈልግም። ባለ1.5 ሚሊ ሜትር ሂት ሽሪንክ 2 ሜትር ይበቃል፤ አንድ ባለ6 ሽቦ መቀጠል 90 ሚሊ ሜትር ስለሚፈጅ 22 ጊዜ ያህል ያሠራል። ለዚያው ያህል ጥገና ሰፊው ቱቦ 2 ሜትር፣ ለኪታችሁ የሚሆን ኮኔክተር 20፣ ባለ100 ግራም የሶልደር ጥቅል፣ መልቲሜትር፣ ሽቦ መላጫና ጠፍጣፋ መቁረጫ ጨምሩበት። ሶልደር የሚደረግበት ክፍል መስኮቱ ይከፈት፤ ጭሱ የሮዚኑ ነው፣ ሳንባን ያስቸግራል። ሊድ የነካ እጅም ከመብላት በፊት ይታጠብ።

ሊጠገን የማይችል ገመድ ሲገኝ ወደ ሣጥኑ ሙሉውን አይመለስ፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሌላ ተማሪ ያነሣዋል። ደህናው ጫፍ ከነ10 ሳንቲ ሜትር ሽቦው ይቆረጥና የፒን ቅደም ተከተሉ በወረቀት ተጽፎ ተለጥፎበት ይቀመጥ። የተበላሸው ወገን ይጣል።